ጎማ ነበራቸው፣ ካሪዮላ ግን አልነበራቸውም፦ ሮማውያን መሥራት እየቻሉ ያልሠሯቸው ነገሮች

ሕንጻ የሚሠራበት ቦታ ቆም ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ልጆች በባሬላ አሸዋ ያመላልሳሉ። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ ክንዳቸው ተወጥሮ። በአጠገባቸው ሌላ ልጅ ብቻውን ካሪዮላ እየገፋ ያልፋቸዋል። የጫነው አሸዋ ከነሱ አያንስም። ልዩነቱ አንዲት ጎማ ናት። ከፊት የሚሸከመውን ሰው ተክታ ትሠራለች።

ባሬላም ካሪዮላም ከጣሊያንኛ የገቡ ቃላት ናቸው። የጥንቶቹ ሮማውያን ግን ያን ሁሉ መንገድና ድልድይ ሲሠሩ አፈር የሚያግዙት በቅርጫት ነበር። ሮም ከተማ ውስጥ በ113 የተመረቀው የትራያን ዓምድ ላይ ወታደሮች ምሽግ ሲሠሩ ተቀርጸዋል። አፈሩን በቅርጫት ሞልተው ከጉድጓድ እያወጡ ይቀባበላሉ። ካሪዮላ የሚገፋ አንድም ሰው አይታይም።

ጎማ ነበራቸው። እንጨት ነበራቸው። አናጢ ሞልቷቸዋል። ታዲያ ምን ጎደለ?

(እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«መሥራት ይችሉ ነበር» ሲባል ምን ማለት ነው?

የሮማውያን ነገር ሲነሳ «የእንፋሎት ሞተር ነበራቸው እኮ፤ ትንሽ ቢገፉበት ባቡር ይሠሩ ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም።

ፈጠራን እንደ ወጥ እናስበው። ሽንኩርቱ፣ በርበሬውና ዘይቱ ቤት ውስጥ መኖሩ ብቻውን ወጥ አይሆንም። አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የሚበላም ያስፈልጋል፤ የራበው ሰው ከሌለ ምድጃውን የሚለኩስ የለም። ስለዚህ «ይችሉ ነበር» ከማለታችን በፊት ቁሳቁሱ ነበረ ወይ? ሐሳቡስ ሊመጣላቸው ይችል ነበር ወይ? የሚፈልገውስ ሰው ነበረ ወይ? ብለን እንጠይቅ። እንዲህ ስንፈትሽ ቅርብ የመሰለን ነገር ሩቅ ሆኖ ይገኛል። ሩቅ የመሰለን ደግሞ ደጃፋቸው ላይ ነበር።

የእንፋሎት ሞተር ሊሠሩ ጥቂት ነበር የቀራቸው?

ወሬው የመጣው ከአንድ ሰው ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን፣ ግብጽ በሮም አገዛዝ ሥር ሳለች፣ እስክንድርያ ውስጥ ሄሮን የሚባል መሐንዲስ ነበር። ሰው የሚያስደንቁ መሣሪያዎችን አሠራር በመጽሐፍ ጽፏል። ሳንቲም ሲገባበት የቤተ መቅደስ ውሃ ለክቶ የሚቀዳ ዕቃ አለ። መሠዊያው ላይ እሳት ሲነድ በራሱ የሚከፈት በር አለ። ከሁሉ የታወቀችው ግን በእንፋሎት የምትሽከረከር ኳስ ናት።

ጀበና አስቡ። ሆዱ ላይ በግራና በቀኝ ሁለት የተቆለመሙ አፎች ያሉት፣ በዘንግ ላይ እንደልቡ የሚዞር ክብ ጀበና። ከሥሩ ውሃ ሲፈላ እንፋሎቱ ወደ ሆዱ ይገባና በሁለቱ አፎች እየተወረወረ ይወጣል። ሲወጣ ኳሷን ወደ ኋላ ይገፋታል። ትሽከረከራለች። ሥራዋ ይኼው ነው። ፍጥነት አላት፣ ጉልበት ግን የላትም። አብዛኛው እንፋሎት ምንም ሳይሠራ አየር ላይ ይባክናል።

ባቡሩን የወለደው ሌላ መንገድ ነው። በ1712 እንግሊዝ አገር ዱድሊ አጠገብ፣ ቶማስ ኒውኮመን የሚባል የብረታ ብረት ነጋዴ ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውሃ የሚስብ ሞተር አቆመ። የአሠራሩን ምሥጢር ቤታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ትንሽ ትኩስ ውሃ ጨምሩ። ነቅነቅ አድርጋችሁ ድፉትና ወዲያው ክዳኑን ግጠሙ። ከላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። ሃይላንዱ ጭምድድ ይላል። ማንም አልጨበጠውም። ውስጡ የነበረው እንፋሎት ተመልሶ ውሃ ሲሆን ቦታው ባዶ ቀረ፤ የውጭው አየር ጨፈለቀው። የኒውኮመን ሞተርም ይህንኑ ነው የሚያደርገው። ትልቅ ሲሊንደር ውስጥ እንፋሎት ይገባል። ቀዝቃዛ ውሃ ይረጭበታል። የውጭው አየር ሲሊንደሩ ውስጥ የሚንሸራተተውን ክዳን፣ ፒስተኑን፣ ወደ ታች ይደፍቀዋል። ፒስተኑ በወረደ ቁጥር በሌላኛው ጫፍ ያለው ፓምፕ ከጉድጓዱ ውሃ ያወጣል።

ይህን ለማሰብ አየር ክብደት እንዳለው፣ ያም ክብደት ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ የአየርን ክብደት በሜርኩሪ ቱቦ ያሳየው በ1640ዎቹ ነው። ማገዶውም ሌላ ጣጣ ነው። የኒውኮመን ሞተር ከሰል አይጠግብም ነበር። ያዋጣው ከሰሉ በሚወጣበት ጉድጓድ አፍ ላይ ስለቆመ ብቻ ነው። ሮማውያን የሚያነዱት በአብዛኛው እንጨትና የእንጨት ከሰል ነበር። ያንን ሞተር ለመቀለብ ጫካ መመንጠር ነበረባቸው።

ግን አንድ የሚያስቆጭ ነገር አለ። ፒስተንና ሲሊንደር ነበራቸው። በሁለት ፒስተን ውሃ የሚገፉ የነሐስ ፓምፖች ከተለያዩ የሮም ግዛቶች ተቆፍረው ወጥተዋል። ክራንክም ነበራቸው። ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው ሂየራፖሊስ፣ የ3ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ መቃብር ሣጥን ላይ የውሃ ጎማ የሚያንቀሳቅሰው መጋዝ ተቀርጿል። የጎማውን ዙረት በክራንክና በዘንግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ምልልስ ይለውጠዋል። ዛሬ መኪና ሞተር ውስጥ ያለው ክራንክ የዚህን ተገላቢጦሽ ነው የሚሠራው።

እንፋሎቱ፣ ፒስተኑና ክራንኩ በአንድ መንግሥት ጥላ ሥር ነበሩ። ግን አንዱ መጽሐፍ ውስጥ፣ አንዱ ጉድጓድ አፍ ላይ፣ አንዱ ድንጋይ መሰንጠቂያ ቤት። አልተገናኙም። ቢገናኙም የአየሩ እውቀትና ከሰሉ ይጎድል ነበር። ስለዚህ በእኔ እምነት የእንፋሎት ሞተር «ሮማውያን ያመለጣቸው» ከሚባለው ዝርዝር መውጣት አለበት።

ባሪያ ስለነበራቸው ነው ማሽን ያልፈለጉት?

ይህ መልስ በየቦታው ይሰማል። ግማሽ እውነት አለው። የታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒየስ ስለ ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን የጻፈው ታሪክ አለ። አንድ መሐንዲስ ግዙፍ ዓምዶችን በትንሽ ወጪ ወደ ካፒቶል ኮረብታ የማወጣበት ዘዴ አለኝ ብሎ ቀረበ። ንጉሡ ዳጎስ ያለ ሽልማት ሰጠው። ዘዴውን ግን አልተቀበለም። ድሃውን ሕዝቤን ላብላበት አለ። ልብ በሉ፣ እዚህ ጋ የታሰበው ባሪያ ሳይሆን በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ነው።

ቀሪው ግማሽ ግን አያስኬድም። ሮማውያን ማሽን ሲያዋጣቸው ይሠሩ ነበር። ደቡብ ፈረንሳይ፣ አርል ከተማ አጠገብ፣ ባርቤጋል የሚባል ቦታ በ2ኛው ክፍለ ዘመን 16 የውሃ ጎማዎች በአንድ ተዳፋት ላይ ተደርድረው እህል ይፈጩ ነበር። ያውም ባሪያ በሞላበት ዘመን። ሰው ውስጡ ገብቶ እየረገጠ በሚያዞረው ትልቅ ጎማ ድንጋይ የሚያነሳ ክሬን ነበራቸው። ሮም ውስጥ ያለው የፓንቴዮን ቤተ መቅደስ ክብ ጣሪያ ወርዱ 43 ሜትር ያህል ነው። ብረት ሳይገባበት በኮንክሪት ብቻ ተሠርቶ እስከ ዛሬ ቆሟል።

ለእኔ ዋናው ችግር ሌላ ነው። ትከሻው የሚያመው ሰውና የሚወስነው ሰው የተለያዩ ነበሩ። ቅርጫት ተሸካሚው «እዚህ ጋ ጎማ ብናደርግበትስ?» ብሎ ቢያስብ ለእሱ ምን ይተርፈዋል? ሥራው ሲቀል ሌላ ሥራ ይታዘዛል። ጌታው ደግሞ ትከሻው አያመውም፤ ነገሩ አይታሰበውም። ፈጣሪውን የሚጠብቅ ሕግም አልነበረም። አዲስ ነገር የሠራ ሰው ለተወሰነ ዓመት ብቻውን እንዲጠቀምበት የሚፈቅድ የታወቀ ሕግ፣ ዛሬ ፓተንት የምንለው፣ ቬኒስ ውስጥ የወጣው በ1474 ነው።

ታዲያ በእጃቸው የነበረው ምን ነበር?

አንዷ ያቺው ካሪዮላ ናት። ቻይና ውስጥ በ2ኛው ክፍለ ዘመን የመቃብር ግድግዳ ላይ ተቀርጻ ትገኛለች። ሮም በኃይሏ ጫፍ ላይ በነበረችበት ዘመን ማለት ነው። በአውሮፓ ግንባታ ላይ በደንብ የምትታየው ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት በጥንቷ ግሪክ፣ ኤሌውሲስ በሚባል ቦታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በተጻፈ የግንባታ ዕቃ ቆጠራ ላይ «ባለ አንድ ጎማ» የሚል ዕቃ ተመዝግቧል። ካሪዮላ ከነበረች ሐሳቡ ብልጭ ብሎ ጠፍቷል ማለት ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ፈጠራ አንዴ ከመጣ አይሞትም ብለን እናስባለን። ይሞታል።

ሌላው እርካብ ነው። የሮም ፈረሰኛ እርካብ አልነበረውም። ኮርቻው አራት ቀንድ ነበረው፤ በጭኑ መሐል አጥብቆ ይይዘዋል። በዚያ ኮርቻ በደንብ ይዋጋ ነበር። ችግሩ መውጣቱ ላይ ነው። ፖለቲከኛው ጋይዮስ ግራኩስ መንገድ ሲያሠራ በዳርና ዳር ድንጋይ አስተከለ፤ መንገደኛው ያለ ረዳት ፈረሱ ላይ እንዲወጣ። መንገዱን ሙሉ ድንጋይ ይተክላሉ፣ ጠፍር አጥፎ ከኮርቻው ላይ ማንጠልጠል ግን አልመጣላቸውም! ጥንድ እርካብ ጎልቶ የሚታየው በ4ኛው ክፍለ ዘመን ቻይና ነው። ምሥራቅ ሮማውያን የጦር መመሪያቸው ውስጥ የጻፉት በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው፤ የተማሩትም ከእስያ ፈረሰኞች ነው። እኛ አገር ባዶ እግሩን የሚጋልብ ፈረሰኛ አውራ ጣቱን ብቻ የሚያስገባበት ትንሽ ቀለበት ይበቃው ነበር። ያንን ያህል ቀላል ነገር ነው።

መነጽርስ?

ይህኛው ነው ከልቤ የሚቆጨኝ። ሰው 40 ካለፈ በኋላ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። መልእክት ሲመጣ ስልኩን ክንድ አርቆ ያነባል። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቅተዋል፤ ልጁን ይጠራል። ሮም ውስጥ እንዲህ ያለው ሰው አንጥረኛ ከሆነ፣ ማኅተም ቀራጭ ከሆነ፣ መጽሐፍ ገልባጭ ከሆነ፣ እጁ ገና ሙያውን ሳይረሳ እንጀራው ያበቃል። ሀብታሙ ባሪያ ያስነብባል።

ብርጭቆ ግን ነበራቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በመንፋት ይሠሩት ነበር። ጸሐፊው ፕሊኒ ከሁሉ የሚወደደው ምንም ቀለም የሌለው፣ እንደ ውሃ የጠራው ብርጭቆ ነው ይላል። ማጉላቱንም ያውቁ ነበር። ፈላስፋው ሴኔካ ውሃ የተሞላ የብርጭቆ ኳስ ደቃቅና ደብዛዛ ፊደልን አጉልቶ ያሳያል ብሎ ጽፏል። ታዲያ ምን አገደው? ምክንያቱን ለውሃው ሰጠው። በእርጥበት ውስጥ የሚታይ ነገር ሁሉ ትልቅ ይመስላል አለ። ቅርጹ ነው፣ የብርጭቆው ማበጥ ነው የሚያጎላው ብሎ ቢያስብ ኖሮ ውሃውን ደፍቶ የብርጭቆ ቁራጭ ይሞርድ ነበር።

የመነጽር መስታወት ሌንስ ይባላል። ሌንስ በላቲን ምስር ማለት ነው። ያልተከካች ምስር እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩዋት፤ መሐሏ ያበጠ፣ ጠርዟ የሳሳ። ሮማውያን ቃሉን ለእህሉ ብቻ ተጠቀሙበት። መነጽር የተሠራው በዚያው በጣሊያን ምድር፣ ግን በ1280ዎቹ ገደማ ነው። በ1306 አንድ መነኩሴ ፍሎረንስ ውስጥ ሲሰብክ ይህ ጥበብ ከተገኘ ገና 20 ዓመት አልሞላውም ብሏል።

ነገሩ በመነጽር አያበቃም። ሮማዊው ቫሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን ስለ እርሻ ሲጽፍ፣ ረግረግ አጠገብ ቤት አትሥሩ ብሎ ይመክራል። ምክንያቱን ስሙት፦ እዚያ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን እንስሳት ይራባሉ፤ በአፍና በአፍንጫ ወደ ሰውነት ገብተው ከባድ በሽታ ያመጣሉ። ይህን የጻፈው ማንም ጀርም ሳያይ ነው። እነዚያን ጥቃቅን ፍጥረታት በዓይኑ ያየው ሆላንድ ውስጥ የምትገኘው የደልፍት ከተማ ጨርቅ ነጋዴ ሌወንሁክ ነው፣ በ1670ዎቹ። መሣሪያው ውስጥ የነበረችው አንዲት ትንሽዬ ሌንስ ብቻ ናት። ቫሮ ጥያቄውን ይዞ ነበር። መልሱን የሚያሳየው ብርጭቆ ከሱ ትንሽ ቆይቶ በየገበያው ይሸጥ ነበር። በመካከላቸው ስንት ሰው በወባና በተቅማጥ አለቀ?

ዜሮ ያህል ነገር እንዴት ያመልጣል?

ይህን ለመረዳት እኛ ከማንም እንቀርባለን፤ ግዕዝ ቁጥርም ዜሮ የለውም። ቁጥሮቹ ከግሪክ ፊደላት የተወረሱ ናቸው። እስኪ ፬፻፰ን በ፳፯ አባዙ። ወረቀት ላይ ከላይና ከታች አድርጋችሁ ሞክሩት። አይሄድም። 408ን በ27 ቢሆን ግን የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል፤ 11016። ልዩነቱ 0 ነው። 408 ውስጥ ያለው 0 «የአሥር ቤት ባዶ ነው፣ ቦታውን ግን ጠብቁ» ይላል። ፬፻፰ ላይ ቦታ ጠባቂ የለም። በግዕዝ «አልቦ» ብለን የለም እንላለን፤ ለቃሉ ምልክት ግን አልተሰጠውም።

ሮማዊው ነጋዴ ሒሳቡን የሚሠራው በመቁጠሪያ ሰሌዳ ነበር። ሰሌዳው ላይ የአንድ፣ የአሥርና የመቶ መስመር አለ። የአሥሩ መስመር ላይ ጠጠር ከሌለ ባዶ ይቀራል። ያ ባዶ መስመር ዜሮ ነው! በየቀኑ በጣታቸው ይነኩት ነበር። ሲጽፉት ግን ጠፋ። በ2ኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ የኖረው የኮከብ ሊቅ ቶለሚ በሰንጠረዦቹ ላይ ለባዶ ቦታ ምልክት ያደርግ ነበር። ስለዚህ ምልክቱ ሮም ግዛት ውስጥ ነበረ። ከሊቁ ሰንጠረዥ ወደ ገበያው መዝገብ አልወረደም እንጂ። ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ በ628 የዜሮን ሒሳብ በሕግ ጻፈው። በባግዳድ በኩል አልፎ፣ የፒሳው ፊቦናቺ በ1202 ለጣሊያን ነጋዴዎች አስተማረው። ፊቦናቺ ራሱ የተማረው ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ ባለ ወደብ፣ አባቱ ለጉምሩክ ሥራ በሄደበት ነው።

ማተሚያ ቤትስ?

ቬሱቪየስ ተራራ በ79 ሲፈነዳ ሄርኩላኒየም ከተማን ቀበራት። ከፍርስራሹ ውስጥ አንድ ድፎ ዳቦ ወጥቷል፣ ከስሎ እንደ ድንጋይ ሆኖ። ጀርባው ላይ ጽሑፍ አለ፦ የኩዊንቱስ ግራኒየስ ቬሩስ ባሪያ፣ የኬለር ዳቦ። ሊጡ ላይ በማኅተም የተመታ ነው። በሕዝብ ምድጃ ሲጋገር ከሌላው እንዳይቀላቀል ይሆናል።

ዳቦ ላይ ያትሙ ነበር። ሸክላ ጡብ ላይ ያትሙ ነበር። የእርሳስ ውሃ ቧንቧ ላይ የባለቤቱን ስም በጎላ ፊደል ያወጡ ነበር። ወይራና ወይን የሚጨምቁበት የብሎን መጭመቂያ ነበራቸው። የአውሮፓን የኅትመት ሥራ የጀመረው ጉተንበርግ በ1450ዎቹ በጀርመኗ ማይንዝ ከተማ የተጠቀመበት ማተሚያ የዚያው መጭመቂያ ዘመድ ነው። አንባቢም ነበረ። የታወቀው ሮማዊ ተናጋሪና ጸሐፊ ኪኬሮ ወዳጅ የነበረው አቲኩስ መጽሐፍ በእጅ የሚገለብጡ የሠለጠኑ ባሪያዎች ነበሩት።

የጎደለው ወረቀት ነው። ፓፒረስ ከግብጽ የሚመጣ የቄጠማ ስንጥር ነው፤ ገጹ ሸካራ፣ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ። ብራና ጥሩ ነው፣ ግን ዋጋው! ብራና የሚፍቅ ሰው ያየ ያውቀዋል። ቆዳው ይነከራል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፤ ከአንድ ፍየል የሚወጣው ቅጠል ጥቂት ነው። ጉተንበርግ ከመጽሐፍ ቅዱሱ አንዳንዱን ቅጂ በብራና አትሟል፤ ለአንዱ ቅጂ ብቻ ከ100 በላይ ጥጃ ያስፈልገው ነበር። ቆዳው እንዲህ ውድ ከሆነ ጽሕፈቱን ማፍጠን ብዙ ትርፍ የለውም። ጸሐፊው ቀስ ብሎ ቢጽፍ ማን ይጎዳል?

ወረቀት ግን አሮጌ ጨርቅ፣ ውሃና ወንፊት ነው። ጨርቁ እስኪልም ይቀጠቀጣል፣ ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል፣ በወንፊት ይወጣል፣ ይደርቃል። በቻይና ቤተ መንግሥት ያገለግል የነበረው ጻይ ሉን በ105 ለንጉሡ አቀረበው። በዚያው ዓመት ሮም ላይ ትራያን ነግሦ ነበር። የሮም ግዛት የተልባ እግር ጨርቅ ለብሶ የሚጥል ሕዝብ ሞልቶታል። ውሃውም ወንፊቱም ነበረ። ወረቀት ጣሊያን የደረሰው በዓረቦች በኩል ነው፣ ከ1000 ዓመት በላይ ቆይቶ። ከዚያ በኋላ ነገሮች ፈጠኑ። ወረቀቱ ረከሰ፣ ጽሕፈቱ ውድ ሆነ፣ ሁሉም ጽሕፈቱን የሚያፋጥንበት ዘዴ መፈለግ ጀመረ። በብረት ፊደል ላይ የሚጣበቅ የዘይት ቀለም ደግሞ ጉተንበርግ አመጣ።

ማተሚያው ሮም ሲደርስ ከተማዋ ውስጥ የኢትዮጵያ መነኮሳት ነበሩ። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ካህን ሲዘምሩ ሰማቸው። ቋንቋቸው ማረከው፤ ተቀምጦ ከእነሱ ተማረ። በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው መጽሐፍ ይህ ነው። የታተመውም እዚያው ሮም ላይ፣ ከኬለር ዳቦ 1434 ዓመት በኋላ ነው።